ቡችሎችና የድመት ልጆች ገና በተወለዱ ሳምንት ለምን ያልቃሉ? እንዴትስ እናትርፋቸው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገን። ውሻችሁ ወይ ድመታችሁ ልትወልድ የደረሰች ወይ ሰሞኑን የወለደች ከሆነ ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እኛ ወሎ ውስጥ ስድስት ሰባት ቡችላ ተወልዶ በሳምንቱ አንድ ሁለት ብቻ ሲቀር "ዓይን በላቸው"፣ "እናቲቱ ጠላቻቸው"፣ "ድሮም ደካሞች ነበሩ" ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛው ሞት ግን ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፣ ብዙውን ደግሞ በካርቶን፣ በጨርቅና በሙቅ ውሃ መከላከል ይቻላል። ሚሞቱትም በብዛት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ከዛ ውስጥም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት በጣም ከባድ ናቸው።

ከሁሉም በፊት ግን ይሄን ልበል፦ የቀዘቀዘ ቡችላ ወይ የድመት ልጅ አፍ ውስጥ ወተት አታድርጉ። መጀመሪያ ይሙቅ። ሰው አዝኖላቸው ሮጦ ወተት ሲያጠጣቸው ነው ብዙዎቹ የሚሞቱት፣ ለምን እንደሆነ ከታች በደንብ እገልጻለሁ።

1. ከመውለዷ በፊት

የውሻም የድመትም እርግዝና 63 ቀን አካባቢ ነው፣ ጥቂት ቀን ወደፊትም ወደኋላም ሊል ይችላል። የተጠቃችበትን ቀን ካወቃችሁ ግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ።

ቢያንስ ከሳምንት በፊት የምትወልድበትን ቦታ አዘጋጁላት፣ ካልለመደችው ጥላው ሄዳ ጎተራ ስር ወይ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ትወልዳለች። ለድመት አንድ ወፍራም ካርቶን ይበቃል። ለውሻ እግሯን ዘርግታ ልትተኛበት የምትችል የጣውላ ሳጥን ወይ ትልቅ ካርቶን፣ ጠርዙ እሷ ተሻግራው የምትወጣ ግን ቡችሎቹ ማይወጡት። ሲሚንቶ ወይ መሬት ላይ በቀጥታ አታድርጉት፣ ብርዱ ከስር ነው የሚገባው፣ ስለዚ መጀመሪያ ካርቶን ደራርቡ፣ ከዛ ማዳበሪያ፣ ከዛ ንፁህ ጨርቅ። ጨርቅ ከጠፋ ጭድና ገለባም ይሆናል፣ ግን ቁንጫ ይይዛል፣ ሲረጥብም ቶሎ አይደርቅም፣ ጨርቅ ካለ ጨርቅ ይሻላል።

ውሻ ቤት የማይገባበት ቤት በኛ ሀገር ብዙ ነው፣ ይሄም የሚከበር ነገር ነው። ቤት አስገቡ አልልም። ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቆርቆሮ ከላይ፣ ሶስቱ ጎን የተዘጋ፣ በሩ ንፋስ ከሚመጣበት ዞር ያለ፣ ወለሉ በድንጋይ ወይ በጣውላ ከፍ ያለ ጎጆ ከተሰራላት በቂ ነው። በሩ ላይ የማዳበሪያ መጋረጃ ጣል አድርጉበት፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ተገርፎ እንዳይገባ።

አጠገባችሁ የሚቀመጥ እቃ፦ ንፁህ ያረጁ ፎጣዎች፣ ስፌት ክር፣ አዲስ ምላጭ፣ አዮዲን፣ ሃይላንድ ፕላስቲኮች ከነክዳናቸው፣ መርፌ የሌላቸው ባለ 5 ወይ ባለ 3 ሚሊ ሲሪንጆች፣ ጥጥ፣ ስኳር፣ ከተቻለ ዲጂታል ቴርሞሜትርና ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን። ሁሉም ከፋርማሲና ከሱቅ ይገኛል። ከዚ ሁሉ አንዱን ብቻ ግዙ ብባል ሚዛኑን ነው ምለው፣ ምክንያቱን ቁጥር 5 ላይ ታዩታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞል ተርፏል ተብሎ ለነፍሰ ጡር ውሻ ወይ ድመት አይሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል። የትል መድኃኒት ካስፈለጋት ለእርጉዝ የሚሆነውን የእንስሳት ሐኪም ይምረጥላት።

2. ስትወልድ

አብዛኛዎቹ እናቶች ራሳቸው ይወጡታል፣ ራቅ ብላችሁ በዝምታ ተከታተሉ፣ ህፃናትን ሰብስቦ ማሳየት አያስፈልግም። ከተረበሸች ምጧን ታቆማለች፣ ድመት ከሆነች ጭራሽ ተነስታ ትሄዳለች።

መቼ ነው ሐኪም ሚጠራው? በሃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ካልወጣ፣ ውስጧ ሌላ እንዳለ እየታወቀ ከአንዱ ቡችላ እስከ ቀጣዩ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየች፣ ወይ ገና አንድም ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከወጣት። ይሄኛው የእንግዴ ልጁ እየተላቀቀ ነው ማለት ነው፣ ውስጥ ያሉት እየታፈኑ ነው። ድመት ተረጋግታ ልጆቿን እያጠባች ከሆነ ግን ረዘም ያለ እረፍት ልትወስድ ትችላለች፣ እሱ አያስደነግጥም። በራሳችሁ ኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያፋጥነውን መርፌ) ገዝታችሁ እንዳትወጉ፣ አቀማመጡ የተበላሸ ወይ የተቀረቀረ ካለ ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል።

ቡችላው ወጥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሽፋኑን ካልቀደደችለት እናንተ በጣታችሁ ቅደዱት፣ አፍና አፍንጫውን ጥረጉ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ በደረቅ ፎጣ ጀርባውንና ደረቱን ሳታቋርጡ እሹት። ወዲያው ባይተነፍስ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ ብዙ ደቂቃ ታሽቶ የሚነሳ አለ። አንዳንዱ ሰው እግሩን ይዞ ወደታች ያወናጭፈዋል፣ እባካችሁ ይሄን ተዉት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንዲፈስ ያደርጋል።

እትብቱን እሷ ካልቆረጠችው ከሆዱ 2 ወይ 3 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ በክር እሰሩ፣ ከክሩ ወዲያ ባለው በኩል በአዲስ ምላጭ ቁረጡ፣ ጫፉን አዮዲን ንከሩት። አትጎትቱት፣ ሆዱ ይቀደዳል። እንግዴ ልጁን እናቲቱ ብትበላው ተፈጥሮ ነው፣ አትከልክሏት።

ከዛ እያንዳንዱን አፉን ከፍታችሁ ላንቃውን እዩ። የተሰነጠቀ ላንቃ ያለው ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል፣ ወደ ሳንባውም ይገባል። ፊንጢጣውም ክፍት መሆኑን እዩ። እንደዚ ሆኖ የተወለደውን ሐኪም ነው ሚወስነው።

3. ብርድ፣ ዋናው ገዳይ

አዲስ የተወለደ ቡችላ ወይ የድመት ልጅ የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን፣ እሱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳን አይችልም፣ ስቡ በጣም ትንሽ ነው፣ ፀጉሩም ስስ ነው። የሰውነቱ ሙቀት በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ነው፣ እንደ ትልቅ ውሻ 38 እና 39 የሚደርሰው ወር ሲሞላው ነው። ሙቀቱን ሚያገኘው ከእናቱ ሆድና ከወንድሞቹ ነው፣ ከነሱ ተለይቶ ዳር ላይ የቀረ በቃ ይቀዘቅዛል።

አሁን ሀገራችንን አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሌሊት ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ኩታበር፣ ጉጉፍቱ፣ ወረኢሉ፣ ደላንታ በህዳርና ታህሳስ ውርጭ አለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቅዝቃዜው ከእርጥበት ጋር ነው። ቡችላ የሚተኛበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፣ ክፍሉ ሁሉ ሳይሆን እነሱ ያሉበት ጥግ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 27 መውረድ ይችላል። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ላላችሁ ቀኑ ላይ ችግሩ ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

እንዴት ይሞቃሉ? ሃይላንዱን እጅ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ሙሉት፣ ክዳኑን በደንብ ዝጉት፣ በወፍራም ካልሲ ወይ በፎጣ ጠቅልላችሁ በሳጥኑ በአንድ በኩል ብቻ አስቀምጡት። በአንድ በኩል ያልኩት ሲሞቃቸው ተንፏቀው የሚሸሹበት ቀዝቀዝ ያለ ጥግ እንዲኖራቸው ነው። ዋናው ግን ውሃው ሲቀዘቅዝ መለወጥ ነው፣ የቀዘቀዘ ሃይላንድ አጠገባቸው ከቀረ ያላቸውንም ሙቀት ይወስድባቸዋል። ስለዚ ማታ ሁለት ሃይላንድ እያፈራረቃችሁ፣ ሙቁን ውሃ ፔርሙዝ ውስጥ አዘጋጅታችሁ ብትተኙ ሌሊት መብራት ቢጠፋም አትቸገሩም። አምፖል መጠቀም ምትፈልጉ ከፍ አድርጋችሁ፣ ጨርቅ ማይነካ ቦታ ላይ፣ በደንብ አስራችሁ።

ከሰል ግን በፍፁም! በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዛችሁ እንዳትተኙ፣ ጭሱ ባይታይም መርዙ ቡችሎቹንም እናንተንም ይገላል። በአላህም በማርያምም፣ ይሄን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

በርዷቸው ወይ ሞቋቸው እንደሆነ አተኛኘታቸው ይናገራል። አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው እየጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ተራርቀው፣ ተዘርረው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፣ ይሄም ይገላል፣ ሃይላንዱን አውጡ ጥላ ውስጥ አድርጓቸው። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ዝም ብለው ተኝተው አልፎ አልፎ እንቅልፍ ላይ እየተንፈራገጡ ከሆነ ተመችቷቸዋል፣ ያ መንፈራገጥ ጤናማ ነው፣ አትቀስቅሷቸው።

4. የቀዘቀዘ ስታገኙ

ጠዋት ሄዳችሁ አንዱ ዳር ላይ ወድቆ፣ ስትነኩት ቀዝቃዛ፣ ድምፁ የጠፋ ሆኖ አገኛችሁት እንበል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ንፁህ ትንሿን ጣታችሁን አፉ ውስጥ አድርጉ። አፉ ውስጥ ከቀዘቀዘና ጣታችሁን ለመጥባት ካልሞከረ ሙቀቱ በጣም ወርዷል።

ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ተኩል አካባቢ በታች ሲወርድ አንጀቱ መስራት ያቆማል። የሰጣችሁት ወተት አይፈጭም፣ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይበላሻል፣ ይነፋዋል፣ ወይ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ይገባል። በዛ ላይ የመጥባት አቅም ስለሌለው ምግብ አያገኝም፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ጉበቱ ውስጥ ያለው ክምችት ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ ስኳሩ ሲወርድ ይደክማል፣ ሲደክም የባሰ ይቀዘቅዛል፣ ውሃም ያጥረዋል። ብርድ፣ የስኳር መውረድና የውሃ እጥረት ተያይዘው ነው ሚጨርሱት፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ።

"እናቲቱ ገፋችው" የሚባለውም ከዚ ነው ሚመጣው። የቀዘቀዘ ልጅ አይንቀሳቀስም፣ አይጮህም፣ እሷ እንደሞተ ትቆጥረውና ትተወዋለች። ሙቀቱ ሲመለስና መጮህ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መልሳ ትቀበለዋለች። ስለዚ ጨካኝ ናት ብላችሁ አትፍረዱባት።

ምታደርጉት እንደዚ ነው። እርጥብ ከሆነ አድርቁት። ደረታችሁ ላይ ከልብሳችሁ ስር አስገቡትና ጋቢ ደርቡበት፣ ወይ በተጠቀለለ ሃይላንድ ሁለት በኩል ደግፋችሁ በፎጣ ሸፍኑት፣ አፍንጫው ይታይ። ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይፍጅ። እሳት ዳር ማድረግ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ምድጃ ላይ ማስጠጋት አይሆንም፣ በድንገት ሲሞቅ ልቡ አይችልም፣ ቆዳውም ይቃጠላል። በየግማሽ ሰዓቱ ገልብጡት፣ አንድ ጎን ብቻ እንዳይሞቅ።

እየሞቀ እያለ ለስኳሩ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ የቡና ሲኒ የፈላና ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። በጣታችሁ ወይ በሲሪንጁ ጫፍ አንድ ሁለት ጠብታ ድዱና ምላሱ ላይ ቀቡት፣ በየ15 እና 20 ደቂቃው ድገሙት። ቀቡት ነው ያልኩት፣ አታጠጡት። ሲሞቅ፣ ጣታችሁን መጥባት ሲጀምር፣ ያኔ ወደ እናቱ መልሱት፣ የኋለኛውን ጡት አስይዙት፣ የኋለኞቹ ብዙ ወተት ይይዛሉ። አብሽሩ፣ ሞተ የተባለ ቡችላ እንደዚ ተብሎ ሲነሳ ማየት የተለመደ ነው።

5. እንገርና ሚዛን

የላም እንገርን ሁላችንም እናውቃለን፣ የውሻና የድመትም እንገር አለ፣ በሽታ የሚከላከለው ነገር ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በብዛት በሱ ነው። የልጁ አንጀት ይሄን መቀበል ሚችለው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው፣ የተሻለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። ከዛ በኋላ ቢጠባ ምግብ ይሆነዋል እንጂ ያንን መከላከያ አያገኝም። ስለዚ የተወለዱ ቀን እያንዳንዱ መጥባቱን አንድ በአንድ አረጋግጡ፣ ጉልበተኞቹ ደካማውን ይገፉታል። ስምንት ዘጠኝ ከሆኑ በሁለት ቡድን ከፍላችሁ በየ2 ሰዓቱ አፈራርቁ፣ እየጠበቀ ያለው ቡድን ግን ሙቅ ቦታ ይሁን።

አሁን ሚዛኑ። ህመም በዓይን ከመታየቱ በፊት በክብደት ይታያል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ፣ ለመለየት አንዱን ጥፍሩ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ፣ አንገታቸው ላይ ክር ግን አትሰሩ። የድመት ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ 100 ግራም አካባቢ ነው፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት። የቡችላ ክብደት እንደ እናቱ መጠን ይለያያል፣ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የተወለደበትን እጥፍ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን በጣም ትንሽ መቀነስ ያጋጥማል። ከተወለደበት ክብደት ከመቶ 10 በላይ ከቀነሰ ወይ በሁለተኛው ቀን መጨመር ካልጀመረ ያ ልጅ ዛሬውኑ እርዳታ ይፈልጋል፣ ነገ ይሻለው ይሆናል ተብሎ አይታደርም።

6. በእጅ መመገብ ግድ ሲሆን

እናት ከሞተች፣ ወተት ከሌላት ወይ ልጁ ካልጨመረ። በመጀመሪያ ሌላ የምታጠባ ውሻ ወይ ድመት ሰፈር ውስጥ ጠይቁ፣ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ለቡችላና ለድመት ልጅ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ካገኛችሁም ጥሩ።

ካልሆነ ለጊዜው፦ አንድ ብርጭቆ የፈላ ሙሉ የላም ወይ የፍየል ወተት፣ ሁለት የእንቁላል አስኳል (ነጩ አይገባም)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ በደንብ መትታችሁ በንፁህ ጨርቅ አጥልሉት። ወተቱ ሲቀዘቅዝ ነው አስኳሉ ሚገባው። የላም ወተት ብቻውን ፕሮቲኑም ስቡም ከውሻ ወተት ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ በዛ ላይ ውሃ ከጨመራችሁበት ልጁ ሆዱ እየሞላ ይራባል። ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት። ስትሰጡ ክንዳችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት ለብ ያለ ይሁን።

መጠኑ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደት በአንድ ጊዜ 4 ሚሊ አካባቢ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና ብሎ፣ እናቱን ሲጠባ እንደሚሆነው። እንደ ሰው ልጅ ጀርባው ላይ አስተኝቶ ማጥባት ወተቱን ሳንባው ይከተዋል፣ ከዛ የሳንባ ምች ነው። ሲሪንጁን ገፍታችሁ አትርጩበት፣ ጠብ እያደረጋችሁ ራሱ ይዋጠው። ትን ብሎት ካሳለ ወይ ወተቱ በአፍንጫው ከወጣ አቁሙ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጥረጉለት።

ከበላ በኋላ ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ብልቱንና ፊንጢጣውን ቀስ ብላችሁ እሹ፣ ሽንቱም አይነምድሩም እስኪወጣ። ሶስት ሳምንት እስኪሆናቸው ድረስ ራሳቸው መሽናት አይችሉም፣ እናት ስትልሳቸው ነው ሚወጣው፣ ወላጅ አልባ ቡችላ ወተት እየተሰጠው ሆዱ ተነፍቶ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄን አለማወቅ ነው። ሽንቱ ነጣ ያለ መሆን አለበት፣ ደመቅ ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃ አጥሮታል።

7. ኢንፌክሽንና ቫይረስ

ሳያቋርጥ ማልቀስ፣ የተነፋ ሆድ፣ ሆዱ ላይ ጠቆር ወይ ሰማያዊ የሚል ቆዳ፣ ቀልቶ ያበጠ እምብርት፣ ተቅማጥ። ይሄ በባክቴሪያ ደሙ ሲመረዝ ነው፣ ጠዋት ታሞ ማታ ሊሞት ይችላል። ምንጩ ብዙ ጊዜ አዮዲን ያልነካው እትብት፣ ያልተቀየረ ርጥብ ጨርቅ ወይ የታመመ የእናት ጡት ነው። ጡቷ ትኩስ፣ ጠንካራ፣ የቀላ ከሆነ ወይ ሲታለብ መግል ወይ ደም ከወጣ ልጆቹን ከዛ ጡት አንሱና ሐኪም ጋ ውሰዷት። ቤት ውስጥ ያለ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ማጠጣት አይሆንም፣ ለጨቅላ አጥንትና ጥርስ ጎጂ ነው። ፓራሲታሞል ለድመት በጭራሽ፣ ትልቋንም ትንሿንም ይገላል።

የድመት ልጆች ዓይናቸውን ሚገልጡት ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፣ ቡችሎች ከ10 እስከ 14 ቀን። ሳይገለጥ ቆቡ ካበጠ ውስጡ መግል ይዟል፣ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ አለስልሱትና ለሐኪም አሳዩት፣ በግድ አትክፈቱት፣ ሐኪም ሳያየው ከቆየ ግን ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

ለቡችሎች አንድ ክፉ ቫይረስ አለ፣ የውሻ ሄርፒስ ይባላል። ትልቅ ውሻ ላይ ብዙም አይታይም፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ያሉ ቡችሎችን ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሳል። ይሄ ቫይረስ የሚራባው ዝቅ ባለ የሰውነት ሙቀት ነው፣ እንግዲህ ስለ ሙቀት ደጋግሜ የማወራበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው። ከመውለዷ 3 ሳምንት በፊትና ከወለደች 3 ሳምንት በኋላ ከሌላ ውሻ ጋር እንዳትገናኝ፣ የሰፈር ውሾችም ሳጥኑ አጠገብ እንዳይመጡ። ለድመቶች ደግሞ ወንድ ድመት አታስጠጉ፣ የሱ ያልሆኑትን ልጆች ሊገል ይችላል።

8. ቁንጫና ወስፋት

ድዱን ግለጡና እዩ፣ ሮዝ መሆን አለበት። ነጭ ከሆነ ደሙ አልቋል፣ ለአንድ 100 ግራም ለማይበልጥ ፍጥረት ብዙ ቁንጫ ማለት ሞት ነው። ለበግና ለከብት የሚረጨውን፣ የበረሮ ፍሊቱን፣ የአልጋ ቁንጫ ዱቄቱን አትንኩ፣ ቁንጫው ሳይሞት ልጁ ይሞታል። በጠባብ ማበጠሪያ እያበጠራችሁ ቁንጫውን የሳሙና ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ጨርቁን በየቀኑ ቀይራችሁ በፈላ ውሃ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡት። ለእናቲቱ የሚሆን ለሚያጠቡ የተፈቀደ መድኃኒት ከሐኪም ጠይቁ።

ወስፋት ለቡችሎች ገና ማህፀን ውስጥ እያሉ ከእናታቸው ይተላለፋል፣ ሌላው ደም መጣጩ ትል በወተት ይመጣል፣ የድመቶቹም ወስፋት በወተት ይተላለፋል። ስለዚ ቡችላ 2 ሳምንት ሲሆነው መድኃኒት ይጀመርለታል፣ 4፣ 6፣ 8 ሳምንት ላይ ይደገማል፣ የድመት ልጅ በ3 ሳምንቱ ይጀምራል። ፓይራንቴል የሚባለው ለዚ እድሜ ይሆናል፣ ግን በክብደት ተሰልቶ ነው፣ በግምት አይደለም። የከብት አይቨርሜክቲን ለነሱ አይሰጥም። ይሄ ወስፋት ወደ ህፃናትም ይተላለፋል፣ ቡችላ የነካ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

9. እናቲቱን አትርሱ

ማጥባት ያደክማል። በሶስተኛና አራተኛ ሳምንት እርጉዝ ሳትሆን ከምትበላው ሁለትና ሶስት እጥፍ ትፈልጋለች፣ በቀን ሶስት አራቴ ከፋፍላችሁ ስጧት፣ ንፁህ ውሃ ከአጠገቧ አይጥፋ። በፆም ወቅት ይሄ በተለይ ይታሰብበት፣ ሁዳዴ ላይ የወለደች ውሻ ቤቱ ሲፆም ትርፍራፊ ያጥራታል፣ እንጀራ በሽሮ ብቻ ወተት አይሰራላትም። ከሙስሊም ስጋ ቤት ትርፍራፊ ጠይቁ፣ ቀቅላችሁ ስጧት፣ እንቁላልም ጥሩ ነው። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ግን ለውሻ አይጣልም፣ ትሉ በሷ አድርጎ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ ቅበሩት ወይ አቃጥሉት።

እግሯ ተገትሮ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ እያለከለከች፣ ሰውነቷ ቢግል ካልሲየሟ ወርዷል፣ ብዙ ልጅ ያላት ትንሽ ውሻ ላይ ይበዛል። ልጆቹን ወዲያው ለዩዋትና ሐኪም ጋ ሩጡ፣ በደም ስር ካልሲየም ካልተሰጣት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ልጆቿን መጠበቅ ስለምትፈልግ ማጉረምረሟ የተለመደ ነው። ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ፣ ለሃጯ እየተዝረከረከ፣ ያገኘችውን ምትናከስ ከሆነ ግን አትቅረቧት፣ እብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር፣ በጠበል ወይ በባህል መድኃኒት ቀን አይባክን።

ሌላው ደግሞ፣ ወር ሳይሞላቸው "አንድ ወንድ ቡችላ ስጡኝ" እየተባለ ይወሰዳሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ በማዳበሪያ ተደርገው ገደል ወይ ወንዝ ዳር ይጣላሉ። የተጣሉት በብርድ ነው የሚሞቱት፣ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኹ። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ልቤንም ያቆስለዋል። 8 ሳምንት ሳይሞላቸው አትስጡ፣ ሴት እንዳትበዛ ምትፈሩ ከሆነ እናቲቱን ስለማምከን ሐኪም አማክሩ።

10. ከሞተ

ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት፣ ጨርቁን ቀይሩ፣ የቀሩትን በሙሉ መዝኑ፣ ድዳቸውን እዩ፣ ሙቀታቸውን ፈትሹ። አንዱ በብርድ ከሞተ ሌሎቹም በርዷቸው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ከሞተ ግን መገመት ይቁም፣ የሞተውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ (ፍሪዘር ሳይሆን) አስቀምጡና በዛው ቀን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት፣ ሆዱ ተከፍቶ ሲታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ደሴ አካባቢ ያላችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ትምህርት ቤት አለ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ገጠር ላላችሁ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፣ ከብትና በግ ነው የለመደው ብላችሁ አትተዉት፣ የክብደቱን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ መቼ እንደተወለዱ፣ ስንት እንደነበሩ፣ የትኛው በስንተኛው ቀን እንደሞተ፣ ከመሞቱ በፊት ይጮህ ነበር ወይስ ዝም ብሎ ነበር፣ እናቲቱ ምን እንደበላችና ምን መድኃኒት እንደወሰደች ንገሩት። አስከሬኑን ካልወሰዳችሁት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ወደቀሩት ተመለሱ፣ ሃይላንዱ ቀዝቅዞ ይሆናል።